አጥንት ሰዓት አይቆጥርም

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። ረጃጅሞቹን ደረጃዎች ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ የሚሮጡት፣ ቱታ ላይ ቱታ ደርበው ላብ የሚያወጡት፣ ጥግ ይዘው ሰውነታቸውን የሚያፍታቱት፣ ሁሉም አለ። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ከመሃላቸው ገና 13 እና 14 ዓመት የሆናቸው ልጆች ታገኛላችሁ። የእህቴ ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ከነሱ አንዷ ነበረች።

በሳምንት 6 ቀን ትሮጥ ነበር። ጎበዝ ናት። አትቀርም፣ አታማርርም። አንድ ቀን ግን የግራ ቅልጥሟን "እዚህ ጋ ያመኛል" ብላ በአንድ ጣት ነካ አድርጋ አሳየችን። ያቺን አንድ ጣት ልብ በሏት፣ በኋላ እመለስባታለሁ። "ጡንቻ ነው፣ ይለቃታል" ተባለ። ወጌሻ ጋ ተወሰደች፣ በቅባት ታሸች፣ ባሰባት። በመጨረሻ ሐኪም ሲያያት አጥንቷ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ተገኘ። አልወደቀችም። ማንም አልመታትም። ሩጫ ብቻ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያን ቀን እህቴ የጠየቀችው ጥያቄ ነው። "ስፖርት አጥንት ያጠነክራል አይደል እንዴ የሚባለው?"

ያጠነክራል። ግን ሁሉም ስፖርት እኩል አያጠነክርም፣ አንዳንዱ ደግሞ ለልብና ለሳንባ ወርቅ ሆኖ ለአጥንት ምንም ሊሆን ይችላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ነገሩ ቤታችን ስለገባ ብዙ ያነበብኩ አጎት ነኝ። የገባኝን በቀላሉ ላስረዳችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

አጥንት ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ቅቅል ውስጥ የምናገኘውን ነው። ደረቅ፣ ነጭ፣ የሞተ ነገር። እኛ ውስጥ ያለው ግን ሁሌ እድሳት ላይ ያለ ቤት ነው። አሮጌውን እየቆፈሩ የሚያነሱ አፍራሽ ሴሎች አሉ። በቦታው አዲስ የሚሠሩ ግንበኛ ሴሎች አሉ። ከሁለቱ ሌላ ደግሞ አጥንቱ ውስጥ ተቀብረው የሚኖሩ፣ በቀጫጭን ቦዮች እርስ በርስ የተያያዙ ሦስተኛ ወገኖች አሉ፣ ኦስቲዮሳይት ይባላሉ። እነዚህ ዘበኞቹ ናቸው። ስንዘል አጥንታችን በዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጣል። ሲጎብጥ በቦዮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደተጨመቀ ስፖንጅ ይንቀሳቀሳል። ዘበኞቹ ያን ይሰሙና "እዚህ ጋ ጫና በዝቷል፣ ግድግዳው ይወፍር" ብለው ግንበኞቹን ይቀሰቅሳሉ።

አጥንት በተሸከመው ልክ ራሱን እንደሚቀርጽ ዩልየስ ዎልፍ የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም በ1892 ጽፎታል። ተቃራኒውንም ጠፈርተኞች ላይ አይተናል። ጠፈር ላይ ክብደት የለም፣ ዘበኞቹ የሚሰሙት ነገር የለም፣ ስለዚህ የዳሌያቸው አጥንት በየወሩ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይቀንሳል። ጤነኛ፣ የተመረጡ፣ ጠንካራ ሰዎች ናቸው እኮ።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። እኔን ያስገረመኝ የሚቀጥለው ነው።

በ1984 ሩቢን እና ላንየን የተባሉ ተመራማሪዎች የወፍ ክንፍ አጥንት ላይ ሙከራ ሠሩ። አጥንቱ ከተፈጥሯዊ ሥራው ተነጥሎ በቀን ለተወሰነ ጊዜ በመሣሪያ ይጫናል። ምንም ያልተጫነው መነመነ። በቀን 4 ጊዜ ብቻ የተጫነው እንደነበረ ቆየ። 36 ጊዜ የተጫነው ወፈረ። ታዲያ 1800 ጊዜ የተጫነውስ? እንደ 36ቱ ነው። ምንም ጭማሪ የለም።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ቡና ነው። ቡና ሲቆላ ከውጭ የገባ ሰው ሽታው ያውደዋል። 10 ደቂቃ ቁጭ ካለ በኋላ ግን አይሸተውም። ሽታው የትም አልሄደም፣ አፍንጫው ለምዶት ነው። ወጣ ብሎ ሲመለስ እንደገና ይሸተዋል። የአጥንት ዘበኞችም እንደዚህ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደርዘን ምቶች በደንብ ይሰማሉ፣ ከዚያ ጆሯቸው ይደነቁራል። ሰዓታት አርፈው ሲነቁ እንደገና ይሰማሉ። ስለዚህ ለአጥንት የአንድ ሰዓት ተኩል ልምምድ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ብዙም አያስከነዳም። ልብና ሳንባ ሰዓት ይቆጥራሉ። አጥንት አይቆጥርም።

የሚቆጥረው ሌላ ነገር ነው። ምቱ ጠንከር ያለ መሆኑን፣ ድንገተኛ መሆኑን፣ ደግሞም ያልለመደው አቅጣጫ መሆኑን። በዚህ መነጽር ስፖርቶቹን አንድ በአንድ ብታዩዋቸው ብዙው ነገር ግልጽ ይላል።

ከቴኒስ ልጀምር፣ እኛ ሰፈር ብዙም ስለሚጫወቱት አይደለም፣ ማስረጃው ንጹሕ ስለሆነ ነው። ሰውየው አንድ፣ ምግቡ አንድ፣ ሆርሞኑ አንድ፣ ወላጆቹም ያው ናቸው። ልዩነቱ አንዱ ክንድ ኳስ መምታቱ ብቻ ነው። የሚመታው ክንድ አጥንት ከሌላው ይወፍራል። ፊንላንዶች በ1995 ባወጡት ጥናት ቴኒስና ስኳሽ የሚጫወቱ ሴቶችን ሁለት ክንድ አወዳደሩ። የወር አበባ ከማየታቸው በፊት ወይም በዚያው ሰሞን የጀመሩት ያገኙት ጥቅም ዘግይተው ከጀመሩት እጥፍ ያህል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የቤዝቦል ወርዋሪዎችን እስከ እርጅናቸው ድረስ ያዩ ተመራማሪዎች በ2014 ያሳተሙት አለ። መወርወር ካቆሙ አሥርተ ዓመታት ያለፏቸው ሽማግሌዎች ክንድ ውስጥ፣ በወጣትነት ከተገኘው የአጥንት ውፍረት ግማሹ፣ ከጥንካሬው ደግሞ ሲሶው አሁንም አለ። ልጅ ሆኖ የተሠራ አጥንት ለጡረታም ይተርፋል ማለት ነው።

እንግሊዝ አገር ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ የመራው አንድ ጥናት ደግሞ ለኛ ወላጆች በቀጥታ የሚናገር ነው። ከ12 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ከ100 በላይ ወንድ ልጆችን ወሰዱ። ዋናተኞች፣ እግር ኳስ ተጫዋቾች፣ ብስክሌተኞች፣ እና ስፖርት በመደበኛነት የማይሠሩ። አጥንታቸውን ለኩና ተከታተሏቸው። እግር ኳስ የሚጫወቱት ልጆች በተለይ ዳሌና እግራቸው ላይ ከዋናተኞቹም ከብስክሌተኞቹም በግልጽ በለጡ። ዋናተኞቹ በየሳምንቱ ሰዓታት ሙሉ ገንዳ ውስጥ እየዋሉ አጥንታቸው ምንም ስፖርት ከማይሠሩት ልጆች አጥንት ብዙም አይለይም ነበር።

ለምን? ውሃ ይሸከማል። ደስ የሚለውም ለዚህ ነው፣ ገንዳ ውስጥ ሰው ይቀልላል። ጡንቻው ይሠራል፣ ልብ ይሠራል፣ አጥንቱ ግን ምት አይደርሰውም። ብስክሌትም ያው ነው። ኮርቻ ላይ ተቀምጠህ እግርህ በለስላሳ ክብ ይዞራል። ዳገት ቢወጣም፣ ላብ ቢያሰምጥም፣ አከርካሪህ "ዛሬ ሰውየው ተቀምጧል" ነው የሚለው። በትልልቅ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ላይ የአከርካሪ አጥንት ሳስቶ የሚገኘው ለዚህ ነው። መቀሌ ያላችሁ እንዳትቀየሙኝ፣ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረውን ጽጋቡ ግርማይን የመሰለ ሰው ያፈራ ከተማ ስለ ብስክሌት ከኔ ምክር አይፈልግም። ብስክሌት ተው እያልኩ አይደለም። ብስክሌት ብቻውን ለአጥንት አይበቃም ነው የምለው።

እግር ኳስን ደግሞ እዩት። አሸዋ የለበሰ የሰፈር ሜዳ ላይ አንድ ልጅ ለ5 ደቂቃ ብቻ ተከታተሉት። ይፈተለካል፣ ድንገት ይቆማል፣ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ዘሎ በጭንቅላት ይመታል፣ በአንድ እግሩ ያርፋል፣ ይገፈተራል፣ ከዚያ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ ዳኛውን ይጨቃጨቃል። ጭቅጭቁም ጥቅም አለው፣ ዘበኞቹ ያርፋሉ። በየአቅጣጫው፣ ባልተጠበቀ ሰዓት፣ ጠንከር ያለ ምት። አጥንት የሚፈልገው ይህንን ነው። ቅርጫት ኳስና መረብ ኳስ በዝላያቸው ከዚህ ወገን ናቸው። ጁዶም እንደዚሁ፣ መውደቅና መጎተት አለበት። ክብደት ማንሳት ዝላይ ባይኖረውም ጫናው ከባድ ስለሆነ በሌላ በር ይገባል።

ጅምናስቲክ ግን ከሁሉም ይለያል። ተገላብጦ መሬት ላይ ሲያርፍ እግር የሚቀበለው ኃይል የሰውነት ክብደት 10 እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። በእጃቸውም ስለሚቆሙ የእጃቸው አጥንት ሳይቀር ይጠነክራል። ብዙ ጅምናስቲክ የሚሠሩ ልጃገረዶች የወር አበባቸው ይዘገያል፣ ያ ደግሞ ለአጥንት ጥሩ አይደለም፣ ቢሆንም አጥንታቸው ከእኩዮቻቸው ጠንክሮ ይገኛል። የምቱ ጉልበት ያንን ሁሉ እስከማካካስ ይደርሳል። ሁልጊዜ ያካክሳል ብላችሁ ግን አትወራረዱ።

አሁን ወደኛ ነገር እንምጣ። ሩጫ።

ረጅም ርቀት ሩጫ መሃል ላይ ነው ያለው። ከመቀመጥ ይሻላል፣ ከዋናም ለእግር አጥንት ይሻላል። እንደ እግር ኳስ ግን አይገነባም፣ ምክንያቱም ምቱ አንድ ዓይነት ነው። እስቲ እናስላው። 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ልጅ በግምት ወደ 9 ሺህ እርምጃ ይረግጣል። እያንዳንዱ እርምጃ የሰውነቱን ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያህል ያሳርፍበታል። 45 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ናት እንበል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ከ90 እስከ 135 ኪሎ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ምት፣ እንደ ሰዓት። ዘበኞቹ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላ ተኝተዋል። የሚጠቅመው ምት አልቋል፣ የሚያደክመው ግን ቀጥሏል።

ስንጥቁ የሚመጣው ከዚህ ነው። ማንኛውም አጥንት ሲሠራ ጥቃቅን ጭረቶች ይፈጠሩበታል፣ ጤነኛ ነገር ነው። እነሱን ለመጠገን አፍራሾቹ ቀድመው ይገባሉ፣ ቆፍረው ያነሳሉ፣ ከዚያ ግንበኞቹ ይከተላሉ። ችግሩ አፍራሽ ፈጣን ነው፣ ግንበኛ ቀርፋፋ ነው። መቆፈሩ ሳምንታት ይፈጃል፣ መሙላቱ ወራት። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም፣ መንገድ ቶሎ ይቆፈራል፣ ሲሞላ ግን ታውቁታላችሁ። ልምምድ በድንገት የተጨመረበት አጥንት ለተወሰኑ ሳምንታት ከበፊቱ ይልቅ የሳሳ ነው። አሠልጣኙ "አሁንማ ለመደችው" ብሎ ሌላ 10 ኪሎ ሜትር የሚጨምረው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

በዚህ ላይ ዕድሜው አለ። ሳስካችዋን፣ ካናዳ ውስጥ ልጆችን ለዓመታት እየለኩ የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት ነገር አለ። ሴት ልጅ 12 ዓመት ተኩል፣ ወንድ ልጅ 14 ዓመት ገደማ ላይ አጥንት ማዕድን የሚያከማችበት ፍጥነት ጣራ ይነካል። በዚያ አካባቢ ባሉት 2 ዓመታት ብቻ፣ ሰው አዋቂ ሲሆን ከሚኖረው የአጥንት ማዕድን ሩብ ያህሉ ይገባል። ሩብ! በ2 ዓመት! ሴቷ 18፣ ወንዱ 20 ዓመት ሲሞላቸው 90 በመቶ ያህሉ አልቋል። ከዚያ በኋላ ሰው የሚኖረው ባጠራቀመው ነው።

ግን ቁመት ማዕድንን ይቀድማል። መጀመሪያ ልጁ ይመዘዛል፣ አጥንቱ የሚሞላው ከወራት በኋላ ነው። ሱሪው ባጠረበት ሰሞን ውስጡ ገና ሊሾ ያልተደረገ ቤት ነው ያለው። ልጆች ወድቀው እጃቸውን የሚሰበሩበት ቁጥር በዚህ ዕድሜ የሚጨምረው ሜዳ ላይ ስለሚቀብጡ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ልጃችሁን በየ3 ወሩ በር መቃን ላይ በእርሳስ ምልክት እያደረጋችሁ ለኳት። ድንገት ስትመዘዝ ካያችሁ፣ ሩጫ የሚጨመርበት ወቅት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ጥሩነሽ ዲባባ በ2003 ፓሪስ ላይ በ5 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን 18 ዓመቷ ነበር። ይህን ያየ ወላጅ "እንግዲያው በ11 ዓመቷ እናስጀምራት" ይላል። ግን ከበቆጂና ከአርሲ ገጠር የወጡት ትልልቆቹ ሯጮች ልጅነታቸውን በፕሮግራም አልሮጡም። ኃይሌ ገብረሥላሴ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት መሄዱን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን፤ የአርሲ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግን ጥጃ ያባርራል፣ ቦይ ይዘላል፣ ይሸከማል፣ ዛፍ ላይ ይወጣል። እኛ ከዚያ ሕይወት ሩጫውን ብቻ መዘን አውጥተን አስፋልት ላይ አደረግነው። የቀረውን የገበሬ ልጅ ሥራ ሁሉ ጣልነው። እኔ እንደሚመስለኝ አጥንቱን የሠራው ግን ያ የጣልነው ነው።

ሌላው ትልቅ ነገር ሳህኑ ላይ ነው። ሐኪሙ የእህቴን ልጅ ከእግሯ በፊት ስለ ሆዷ ጠየቃት። ስንት ሰዓት ትበያለሽ? ቁርስ ምን በላሽ? የወር አበባሽ ይመጣል? እህቴ ደነገጠች፣ ቅልጥም አሞን መጥተን ምን ያገናኘዋል?

ያገናኘዋል። ደመወዝ ያልበቃው ቤት መጀመሪያ የሚቆርጠው እድሳትን ነው። ኪራይና አስቤዛ ይቀድማሉ። ሰውነትም የሚገባው ምግብ ለሩጫውም ለዕድገቱም ካልበቃ ልብና አንጎልን ያስቀድምና መውለጃንና አጥንትን ከበጀት ያወጣቸዋል። ሴት ልጅ ላይ የወር አበባ ይቀራል፣ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይወርዳል። ኤስትሮጅን ደግሞ አፍራሾቹን "ቀስ በሉ" የሚል አለቃ ነው። አለቃው ሲቀር አፍራሹ እንደፈለገ ነው። ወንዶችም ላይ ቴስቶስቴሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ይወርዳል፣ ምልክቱ ስለማይታይ ብቻ ማንም አይጠይቃቸውም። የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 ይህን ሁሉ በአንድ ላይ በስፖርት የሚመጣ የኃይል እጥረት ብሎ ስም አውጥቶለታል።

ስለ ወር አበባ እኛ አገር አሠልጣኝና ልጅ አያወሩም። ያፍራሉ። ጭራሽ አንዳንዷ ሯጭ "ቀረልኝ፣ ተገላገልኩ" ትላለች፣ ጥሩ ልምምድ እየሠራች እንደሆነ ምልክት አድርጋ የምትወስደውም አለች። አይደለም። 3 ወር የቀረባት ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ጨርሶ ያላየች ልጅ ሐኪም ጋ መሄድ አለባት። በቃ።

ጾሙንስ? ይህን ጥያቄ መሸሽ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት ያለ ጥያቄ ነው። ጾም አጥንት አይሰብርም። ቀሳውስቱና እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ጾመው ኖረዋል። ግን ንጋት 12 ሰዓት ላይ 12 ኪሎ ሜትር ሮጠው፣ ትምህርት ቤት ገብተው፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ አልዋሉም፣ በዚያ ላይ እያደጉ። ችግሩ ወተት መቅረቱ ብቻ አይደለም፣ ከሩጫው እስከ መጀመሪያው ጉርሻ ያለው ክፍተት ነው። መፍትሔው ልጅቷንና የንስሐ አባቷን አገናኝቶ ማነጋገር ወይም በጾም ወራት ልምምዱን ወደ ማታ ማዞርና መቀነስ ነው። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ ከነሱ መማር ይቻላል።

ካልሲየምን በተመለከተ እንደምናስበው ድሆች አይደለንም። ከ9 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 1300 ሚሊ ግራም ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ አለው። ጤፍ ከስንዴና ከሩዝ በብዙ እጥፍ ካልሲየም ይበልጣል። ጎመን አለ፣ በጾምም የሚበላ፣ ሰውነት በደንብ የሚወስደው ዓይነት። ልጁን ከእንጀራ አላቅቆ ፓስታና ነጭ ዳቦ ላይ ማሳደግ ግን ይህን ሁሉ በፈቃድ መጣል ነው። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከፀሐይ ነው፣ እዚህ ሯጭ ልጅ ብዙም አያጣም። ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ግን፣ ጥቁር ቆዳ ከዚያ ደካማ ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽ ነው፣ በዚያ ላይ ልጁ ክረምቱን የቤት ውስጥ ገንዳ ዋናተኛ ከሆነ ሐኪሙን ስለ ቫይታሚን ዲ ጠይቁ።

እሺ፣ ዋናተኛ ወይም ሯጭ ልጅ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ስፖርቱን አያስተው። ትንሽ ዝላይ ይጨምርበት። ቀልድ አይደለም፣ ይኸው ነው። የኤክሰተሩ ጥናት ሁለተኛ ክፍል ነበረው። ልጆቹን ለ9 ወር በቀን 10 ደቂቃ ያህል፣ በሳምንት ጥቂት ቀናት፣ እየጠነከረ የሚሄድ ዝላይ አዘለሏቸው። ዋናተኞቹና ብስክሌተኞቹ አጥንታቸው ተሻሻለ። እግር ኳስ ተጫዋቾቹ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፣ ድሮም እየዘለሉ ነበራ።

ካናዳ ውስጥ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ተሞክሯል። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ደወል ሲደወል ተነስተው 10 ጊዜ ይዘላሉ። በቀን 3 ጊዜ። በድምሩ 3 ደቂቃ ያህል ነው። ከ8 ወር በኋላ የዳሌ አጥንታቸው ካልዘለሉት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። የቡናውን ሽታ አስታውሱ፣ 30ውን ዝላይ በአንድ ጊዜ አላዘለሏቸውም፣ በየመሃሉ ዘበኞቹ አርፈው ነቅተዋል። ደወል የሌለው ትምህርት ቤት የለም፣ ገንዘብም አይጠይቅም፣ ለምን እዚህ እንደማይደረግ አይገባኝም።

እኔን የሚያሳዝነኝ ደግሞ ዝላይ ሞልቶን የነበርን ሰዎች መሆናችን ነው። ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ። አንድ ሱዚ የምትጫወት ልጅ ትዘላለች፣ ትጠማዘዛለች፣ በአንድ እግሯ ታርፋለች፣ ስትሳሳት ወጥታ ተራዋን ትጠብቃለች። ምት፣ አቅጣጫ፣ እረፍት፣ ሁሉም ተሟልቷል። ላቦራቶሪ ገብተው ቢነድፉት ከዚህ የተሻለ አያወጡም። የጉራጌ ጭፈራንም እዚሁ ጨምሩበት፣ ሠርግ ላይ ቀልጠፍ ብሎ የሚጨፍር ሰው ዳሌው ያመሰግነዋል። "ፕሮጀክት ገብታለች፣ እንዳትጎዳ" ብለን ግን ልጅቷን ከሱዚ አስወጥተን ሩጫ ብቻ ላይ ተከልናት።

"ዝላይና ክብደት ቁመት ያሳጥራል" የሚለውን ደግሞ ብዙ ሰምቻለሁ። በባለሙያ እየታየ፣ በልኩ የሚሠራ የጥንካሬ ልምምድ የልጅን ቁመት አያሳጥርም። ጅምናስቲክ የሚሠሩት አጫጭር የሆኑት በአብዛኛው አጭር ልጅ ለዚያ ስፖርት ስለሚመረጥ ነው፣ ቅርጫት ኳስ ቁመት እንደማያስረዝመው ሁሉ።

ወደ ጣቷ ልመለስ። ቅልጥም ላይ የሚመጣ ሕመም ሁሉ ስንጥቅ አይደለም። ሰፋ ብሎ በአጥንቱ ርዝመት የሚያም፣ ሰውነት ሲሞቅ የሚለቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ነው። ልጁ በአንድ ጣት "እዚህ" ብሎ የሚያሳየው፣ በሮጠ ቁጥር የሚብስ፣ ሌሊትም የሚያም ከሆነ ግን ሩጫው ያኔውኑ ይቁም። አይታሽ። ወጌሻን አልንቅም፣ እኔም ቁርጭምጭሚቴን አሽተውኝ ድኛለሁ፣ የተሰነጠቀ አጥንት ግን ሲታሽ ይብሳል። ብሽሽት አካባቢ የሚያም ከሆነ ደግሞ የበለጠ ፍጠኑ፣ የጭን አጥንት አንገት ላይ ያለ ስንጥቅ ወደ ሙሉ ስብራት ሊሄድ ይችላል። አንድ ነገር እወቁ፣ የመጀመሪያው ራጅ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። የኛም አላሳየም ነበር። "ራጁ ንጹሕ ነው" ተብሎ ልጁ ወደ ልምምድ መመለስ የለበትም፣ ሕመሙ ካለ ሕመሙ ነው የሚታመነው።

የእህቴ ልጅ 2 ወር ሙሉ አልሮጠችም። አኩርፋን ነበር። አሁን በሳምንት 4 ቀን ትሮጣለች፣ ከልምምድ እንደተመለሰች የምትበላው እንጀራ በጎመን ወይም ገንፎ ይጠብቃታል፣ ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ግቢ ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሱዚ ትዘላለች። አያቷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ "አንቺ ትልቅ ሰው፣ አታፍሪም?" ትላታለች። ላስቲኩ ከአሮጌ ቱታ ወገብ የወጣ ነው። ባለፈው ሳምንት ጉልበት አልፈው ወገብ ላይ ደርሰዋል፣ እና አያትየው እየተቆጣች ቆጠራውን እሷ ይዛለች።